ለአንጋፋ የአገር ሰው የምክርና የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ሰኔና ሰኞ

ሰላም ለዚህ ቤት። እህታችሁን አንድ ነገር አግዙኝ። በውጭ ጉዳይ ረጅም ዘመን አገልግለው በአምባሳደርነት ጡረታ ለወጡ፣ ዕድሜያቸው ከ80 ላለፈ አንድ የተከበሩ ሰው ደብዳቤ ልጽፍ ነው። በአካል አንተዋወቅም። የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ዓለም አቀፍ ሕግ ይሻላል ወይስ ዲፕሎማሲ በሚለው ላይ ምክር፣ ለነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻዬ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ። የረቂቁ መግቢያ ይህ ነው፦

«ለክቡር የቀድሞ አምባሳደር እገሌ። ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ክቡርነትዎ ለአገራችን የዋሉትን ተዘርዝሮ የማያልቅ ውለታ እኔም ሆንኩ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ መቼም የማንዘነጋው መሆኑን እየገለጽኩ፣ ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው ትብብርዎን በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በኋላ ሁለት ገጽ ይቀጥላል። ምኑን ላስተካክል? በፖስታ ልላከው ወይስ በኢሜይል?

የማኅደር ሰው

እህቴ፣ ከቃላቱ በፊት ጥያቄውን አስተካክዪ። ምክርና የድጋፍ ደብዳቤ በአንድ ወረቀት አይጠየቁም። ምክር ሰውየውን የሚያስከፍላቸው ጊዜ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ስማቸውን ለማያውቁት ሰው ማስያዝ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምክሩ ማባበያ ይመስላል፤ አንባቢው ሁለተኛውን ጥያቄ ካየ በኋላ የመጀመሪያውን አምኖ አይመልስም።

ሌላም አለ። ነጻ ዕድል የሚሰጡ ተቋማት ለመስካሪው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው «አመልካቿን ለምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ ያውቋታል?» የሚል ነው። አምባሳደሩ ይህን በእውነት ቢመልሱ «አላውቃትም፣ ደብዳቤ ጽፋልኛለች» ይላሉ። ትልቅ ስም ያለበት ባዶ ምስክርነት፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ያማከረ ተራ መምህር በዝርዝር ከሚጽፈው ያነሰ ዋጋ አለው። መራጮቹ የሚፈልጉት ምን ሠራች፣ ከክፍሏ ስንተኛ ናት፣ ሲያርሟት እንዴት ተቀበለች የሚለውን ነው። ስለዚህ ድጋፉን ከመምህርሽና ከአለቃሽ፣ ምክሩን ከአምባሳደሩ።

ባለ ጉዳይ

የማኅደር ሰው ጥሩ ብሏል፤ ግን ከትልቅ ሰው ውለታ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ከወንበራቸው ሳይነሱ ሊያደርጉት የሚችሉትን መለየት ነው። ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ፊርማው አያዝዝም፤ ያለው ትዝታ፣ ወዳጅና የተከበረ ስም ነው። ስለዚህ በዘርፉ ላለ ሌላ ሰው እንዲያስተዋውቁሽ፣ «እገሌ ዘንድ ሂጂ፣ እኔ ልኬሽ ነው በይ» እንዲሉ፣ የጥናትሽን የሁለት ገጽ መነሻ እንዲያዩልሽ፣ ወይም አንድ ጥያቄ እንዲመልሱ መለመን ይቻላል።

የማይጠየቀውም ግልጽ ይሁን። በያዝሽው የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ በጨረታ፣ በቅጥር ላይ «አንድ ስልክ ይደውሉልኝ» ማለት ሰውየውን ማዋረድ ነው። ጥቅም ከታከለበት ደግሞ ወግ መጣስ ብቻ አይደለም፤ በተሰሚነት መነገድ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስቀጣል። በዚሁ ምክንያት ከደብዳቤው ጋር ስጦታ አይላክም። ማርም ቢሆን፣ የአገር ባህል ልብስም ቢሆን። ምስጋና ከፈለግሽ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ያውም በጽሑፍ።

ፊደል ቆጣሪ

ወደ ረቂቁ ልግባ።

«የቀድሞ»ን አውጪው። የአምባሳደርነት ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ከጡረታ በኋላም በማዕረጋቸው ይጠራሉ። «የቀድሞ» ለጋዜጣ ዜና ነው እንጂ ለራሳቸው ሲጻፍ ሹመታቸው እንደተነሣ ማስታወስ ይሆናል። «ለክቡር አምባሳደር እገሌ» ይበቃል። ለሴት «ክብርት»። ጄኔራል ከሆኑ «ሌ/ጄኔራል» ብለሽ አታሳጥሪ፣ «ሌተና ጄኔራል» ብለሽ ጻፊው። ዶክተርም አምባሳደርም ከሆኑ «አምባሳደር ዶክተር» ይባላል፤ ራሳቸው በጽሑፎቻቸው ላይ የተጠቀሙበትን ተከተይ። «አቶ»ን ከሌላ ማዕረግ ጋር አትደርቢ። «ጋሼ» እና «አባባ» ቤተ ዘመድ ወይም የቅርብ ሰው ለሆነ ነው፤ በመጀመሪያ ደብዳቤ ድፍረት ነው።

የስማቸውን ፊደል ከራሳቸው እጅ ቅጂ። ኃይሌ እና ሐይሌ፣ ፀሐይ እና ጸሐይ፣ ሥላሴ እና ስላሴ ለአንቺ አንድ ድምፅ ናቸው፤ በድሮው ትምህርት ላደገ ሰው ግን ስሙ በተሳሳተ ፊደል ሲጻፍ የቀረውን ለማንበብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ከመጽሐፋቸው ሽፋን፣ ካልጻፉ ከፊርማቸው ሥር ከተተየበው ስም መመልከት ነው።

አንቱታው መሀል መንገድ ላይ አይሰበር። ብዙ ደብዳቤ «ክቡርነትዎ» ብሎ ጀምሮ አራተኛው አንቀጽ ላይ «ብትጽፍልኝ» ይላል፤ ከሌላ ደብዳቤ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር መሆኑ ያኔ ይታወቃል። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። «ክቡርነትዎ» ራሱ በየመስመሩ አይደገም፣ በገጹ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ። ሌላው ቦታ «እርስዎ»ና በግሡ ላይ ያለው አክብሮት ይሸከመዋል።

ውዳሴው። «ተዘርዝሮ የማያልቅ ውለታ» ያለ ሰው አንዱንም አልዘረዘረም። በመላው ሕዝብ ስም መናገርሽንም ተዪው፣ ማን ወከለሽ? የሠሩትን አንድ የተለየ ነገር ጥቀሺ፤ ያነበብሽውን ጽሑፍ፣ የሰማሽውን ቃለ ምልልስ፣ ከነጊዜው። አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው።

አራት ኪሎ

«ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ሞክረሽ ሳይሳካልሽ ቀረ እንዴ? 😀

በጉዳዩ ላይ ግን ክርክር አለኝ። «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ራሱ መውጣት አለበት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጉዳይና ቁጥር የሚይዘው መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ስለሚከፈትለት ነው። ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ለተቀመጡ ሰው «ጉዳዩ» ብሎ መጻፍ ቢሯቸው የተዛወረ ያስመስላል። ከታች «ግልባጭ»ም እንዳታስገቢ፤ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ የክስ ሽታ አለው።

የማኅደር ሰው

በግልባጩ እስማማለሁ። በጉዳዩ አልስማማም። ብዙዎቹ አንጋፋዎች ደብዳቤያቸውን መጀመሪያ የሚያይላቸው ልጅ ወይም የቀድሞ ጸሐፊ አላቸው። ያ ሰው ሦስት ወረቀት ይዞ ሲገባ «አንዷ ስለ ትምህርት ምክር ትጠይቃለች» ማለት እንዲችል አንድ መስመር ያስፈልገዋል። ጥፋቱ «ትብብር ስለመጠየቅ» ምንም አለመንገሩ ነው።

አራት ኪሎ

ለዚያ የመጀመሪያው አንቀጽ አለ። ሁለት መስመር ውስጥ ማን እንደሆነችና ምን እንደምትፈልግ ካልታወቀ ርዕስ አያድነውም። ለኢሜይል ከሆነ እሺ፣ የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ይጻፍ። ለወረቀት አልደግፍም።

ብራና

የዚህ ሁሉ መጎንበስ ምንጩ የአቤቱታ ቋንቋ ነው። በዘውዱ ዘመን ጉዳዩ የትም ያልተፈታለት ሰው መጨረሻው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ማቅረብን መብት አድርጎ አስቀምጦታል። እዚያ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ማለት ወግ ነበር። ቋንቋው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በሚጽፉ ሰዎች እጅ እስከ ዛሬ አለ፤ አመልካች፣ ተጠሪ፣ «ስለዚህ ክቡርነትዎ» እያለ ይሄዳል። ለቢሮ ይሠራል። ምንም ሊፈርዱልሽ ለማይችሉ የግል ሰው ሲላክ ግን የሌላቸውን ሥልጣን እንዳላቸው ቆጥሮ መለመን ስለሆነ ያሳፍራቸዋል።

የፈረንጆቹም አንጋፋ ከዚህ አላመለጠም። የአሜሪካው መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፓሪስ ሳሉ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሹመት የሚፈልጉ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ እያሉ ቢያጨናንቋቸው፣ በ1777 እ.ኤ.አ. ለማይታወቅ ሰው የሚሆን አንድ ናሙና አዘጋጁ፤ ይዘቱ ባጭሩ «የዚህ ደብዳቤ ያዥ ድጋፍ ጻፍልኝ ብሎ ይዞኛል፤ እኔ ግን ስሙን እንኳ አላውቅም» የሚል ነው። ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከወረዱ ከዓመታት በኋላ፣ በ1820 እ.ኤ.አ. ብቻ የደረሳቸውን ደብዳቤ ቢቆጥሩ 1,267 ሆኖ አገኙትና በ1822 ከእሳቸው በፊት ፕሬዚዳንት ለነበሩት ለጆን አዳምስ ምሬታቸውን ጻፉ። ብዙዎቹ ምርምር የሚጠይቅ መልስ የሚሹ ነበሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ75 አልፎ፣ በ1786 የተሰበረው የቀኝ እጃቸው አንጓ መጻፍን ሥቃይ አድርጎባቸው ነበር። ስለዚህ ጥያቄሽ በስልክ ወይም በአንድ አንቀጽ የሚመለስ ይሁን።

ባለ ጉዳይ

ይህን ልጨምርበት። መጽሐፍ የሚመልሰውን እሳቸውን አትጠይቂ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቼና እንዴት ተመሠረተ ለሚለው (ግንቦት 1955፣ አዲስ አበባ) ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። «ስለ ዲፕሎማሲ ቢነግሩኝ» ደግሞ የሚመለስበት መጨረሻ የለውም። ጥሩ ጥያቄ ሁለት አማራጭ ያስቀምጣል፣ አንቺ ወደየትኛው እንደምታዘነብዪና ለምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከዚያ «የሳትኩት ካለ» ይላል። አንጋፋ ሰው ባዶ ወረቀት ከሚሞላ ይልቅ የተጻፈ ሐሳብ ማረም ይቀለዋል።

ፊደል ቆጣሪ

ስለ ወረቀቱም። ኤ4፣ አንድ ገጽ፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ። የፊደል መጠን ከ14 አይነስ፣ የመስመር ርቀት 1.5። በዚህ ልክ ገጹ ከ200 ቃል ብዙ አይዘልም፤ ይህ ገደብ ራሱ ያሳጥርልሻል። ፊደሉ አቢሲኒካ ወይም ኒያላ ይሁን። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ሰነድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ስለዚህ በኢሜይል የሚሄድ ሁሉ ፒዲኤፍ ይሁን። አራት ነጥቡ «።» ይሁን፣ ሁለት «፡» እየደረደርሽ አትሥሪው፤ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይከፈልብሻል።

ፊርማሽን በብዕር ፈርሚ። ስልክ ቁጥርሽን ከስምሽ ሥር በ16 መጠን፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እየለያየሽ አስቀምጪ፤ ወረቀቱን በአንድ እጅ ይዞ የሚደውል ሰው መስመር እንዳይጠፋበት።

ሲቪ አታያይዢ። ካስፈለገ ይጠይቁሻል። ስድስት ገጽ አባሪ ያለው ደብዳቤ «በኋላ አየዋለሁ» ተብሎ ይቀመጣል፣ በኋላ የሚባለውም አይመጣም።

ዲሲ ያለሁ

ከውጭ ለምትጽፉም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ፖስታ በየቤቱ አይታደልም፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሌላችሁ የመንደሩን ስም ጽፎ በተራ ፖስታ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። የፖስታ ሣጥኑም ቢሆን የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ከሆነ ደብዳቤው ክፍል ለክፍል ሲዞር ይከርማል። በፈጣን መልእክት፣ በኢ.ኤም.ኤስ. ወይም በዲኤችኤል፣ ከላካችሁ የተቀባይ ስልክ የግድ ነው፣ እዚያ ሆነው የሚደውሉት ለተቀባዩ ነውና። ከሁሉ የሚሻለው በሰው እጅ ማድረስ ነው። ሰው ስትልኩ ለማድረስ ብቻ ላኩት፤ «እግረ መንገድህን አስረዳልኝ» ካላችሁት እናንተ በአንድ ገጽ ያሳጠራችሁትን እሱ በር ላይ አንድ ሰዓት ያወራዋል።

የትምህርት ዕድሉን ማስታወቂያ ቀነ ገደብ አስተውሉ። ከውጭ የመጣ ቀን ሲገለበጥ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይስታል። «ዲሴምበር 31 ቀን 2025፣ 11:59 ማታ በለንደን ሰዓት» ማለት በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ23 አጥቢያ ከሌሊቱ 8:59 ነው። ለትልልቆቹ ስትጽፉ ኢትዮጵያኛውን ብቻ ጻፉ፣ ከትክክለኛውም ሁለት ሳምንት ቀደም አድርጉት።

የድጋፍ ደብዳቤ በሌላ ጊዜ ለመጠየቅ ከበቃሽ ደግሞ፣ አሁን ብዙዎቹ ተቋማት ማስፈንጠሪያ በቀጥታ ወደ መስካሪው ኢሜይል ይልካሉ። በአንጋፋ ሰው ዘንድ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ መልእክቱ ያልተፈለገ መልእክት ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ኢሜይሉን የሚያየው ልጃቸው ከከተማ ወጥቷል፣ ወይም የማስፈንጠሪያው ጊዜ ያልፋል። ኢሜይላቸውን ማን እንደሚከፍት አስቀድመሽ ጠይቂ፣ በሚላክበት ቀን ደውለሽ አሳውቂ።

አራት ኪሎ

በዚያ ላይ ማስጠንቀቂያ፦ በስማቸው አዲስ ኢሜይል ከፍታችሁ ራሳችሁ ደብዳቤውን የምታስገቡ አላችሁ። ሰውየው ፈቅደውም ቢሆን ለተቋሙ ማጭበርበር ነው፤ ከተደረሰበት የሚሰረዘው ማመልከቻ ብቻ አይደለም፣ የእሳቸውም ስም ነው። «ረቂቁን ራስሽ ጻፊውና ልፈርም» የሚሉም ይኖራሉ። ያኔ የተጠናቀቀ ደብዳቤ ሳይሆን የተረጋገጡ ነጥቦችን ስጪያቸው፤ የት ተዋወቃችሁ፣ ምን ሥራሽን አዩ፣ መቼ። ቃሉ የእሳቸው ይሁን።

ሰኔና ሰኞ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የድጋፉን ጥያቄ አውጥቼዋለሁ። አዲሱ ይኸው፦

«ለክቡር አምባሳደር እገሌ
አዲስ አበባ

ክቡር አምባሳደር፣

እገሊት እባላለሁ፤ የሕግ ምሩቅ ነኝ፣ አሁን በአንድ የጥብቅና ቢሮ እሠራለሁ። በአካል አንተዋወቅም። ስማቸውን ጠቅሼ እንድጽፍልዎ የፈቀዱልኝ መምህሬ ዶክተር እገሌ ናቸው። የምጽፍልዎ ስለ ትምህርት ምርጫዬ አንድ ምክር ለመጠየቅ ነው።

ባለፈው ጥር በሰጡት ቃለ ምልልስ በድርድር ላይ የሕግ ባለሙያ ዘግይቶ ሲጠራ የሚደርሰውን ጉዳት ገልጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያመላልሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ለድርድር ሥራ ራሱን የሚያዘጋጅ ሰው በሁለተኛ ዲግሪ ዓለም አቀፍ ሕግን ቢያጠልቅ ይሻለዋል ወይስ ዲፕሎማሲን? እኔ ወደ ሕጉ አዘነብላለሁ፤ ዲፕሎማሲው በሥራ ላይ ይለመዳል፣ ሕጉ ግን በሥራ ላይ አይደረስበትም ብዬ ነው። የሳትኩት ካለ ከእርስዎ መስማት እወዳለሁ።

ለ15 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ጤና ወይም ጊዜ ባይፈቅድልዎ በሚገባ እረዳለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣»

ፊደል ቆጣሪ

ይህ ደብዳቤ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። «ለ15 ደቂቃ» ይውጣ፤ ለቢሮ ሰው ትሕትና ነው፣ ለ80 ዓመት አዛውንት ግን በደቂቃ መወሰን ነው፣ መናገር ቢፈልጉስ? «ቢያነጋግሩኝ» ሲልም ማን ይደውላል የሚለው አልታወቀም። «የሚመችዎትን ቀን ቢያሳውቁኝ ደውዬ አነጋግርዎታለሁ» በዪው፤ ወጪውም ድካሙም ወደ አንቺ ይምጣ። ቀኑንም ከላይ በቀኝ በኩል ጻፊ፣ ረስተሽዋል።

የማኅደር ሰው

መምህርሽ በእርግጥ ፈቅደው ከሆነ ሸጋ ነው። አምባሳደሩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ለእሳቸው መደወል ነውና ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ቀኑን ንገሪያቸው። በበዓል ዋዜማና በሳምንቱ አይሂድ፤ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ወረቀት የሚቀመጥበት አይታወቅም።

መልስ ካልመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቤተሰቡ ወይም ደብዳቤውን ለተቀበለው ሰው ደውለሽ «ደርሷል ወይ?» በዪ፤ «አነበቡት ወይ?» አትበዪ። ሁለተኛ ጥሪ የለም።

ባለ ጉዳይ

ካነጋገሩሽ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ የምስጋና ወረቀት፣ አምስት መስመር፣ ምንም አዲስ ጥያቄ የሌለበት። ከመከሩሽ ውስጥ የትኛውን እንደምትከተዪ ጥቀሺ። ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ የትኛውን መርጠሽ የት እንደገባሽ አሳውቂያቸው፣ ምክራቸውን ባትከተዪም ጭምር፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ሰኔና ሰኞ

ቀኑን ጨምሬ፣ 15 ደቂቃውን አውጥቼ አተምኩት። «ጉዳዩ» አልገባም፣ የማኅደር ሰው ይቅርታ። መምህሬን ነገ ጠዋት አናግሬ ሐሙስ በወንድሜ እጅ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ሰጥቶ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።